ሲራጥ የሚሉት ደረጃ

ሰብሪያ ክፉን ነገር ሳይመጣ ወጥታ የምትቀበል ሴት ነበረች። ሰማዩ ሲጠራ «በረዶ ሊጥል ነው» ትላለች፤ ሲጠቁር ደግሞ «አላልኳችሁም?» ትላለች። ባሏ ሼህ አሕመድኑር ከመስጊድ ጥቂት ከዘገዩ ቃሬዛ ተሸክመው የሚመጡት ሰዎች በዓይኗ ይሄዱባታል፤ ለለቀስተኛው የሚሆን ዱቄት በቤት መኖር አለመኖሩንም በልቧ ትመረምራለች። ሼሁ በደህና ሲገቡ ደስ ይላታል፤ ግን ነገሩ ለነገ ተላለፈ እንጂ ቀረ አትልም።

ስለዚህ በ2004 ዓ.ም. ልጇ አፍናን «ኩዌት ልሄድ ነው» ስትላት ሰብሪያ አልደነገጠችም። ይህንን የፈራችው ልጅቷ የተወለደች ዕለት ነው።

አፍናን የአሥረኛ ክፍል ውጤት አልመጣላትም። ፓስፖርቷ ግን ከደሴ መጥቶላታል፤ ኤጀንሲውም ቤት አግኝቼልሻለሁ ብሏታል። የቀራት የእናቷ ምርቃት ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ በመካነ ሰላም ልጅ ሳይመረቅ አገር ለቆ አይወጣም። ሳይመረቁ የሄዱ ልጆች ምን እንደገጠማቸው ሁሉም ያውቃል። የአንዷ አውቶቡስ አቀስታ ሳይደርስ ተሰበረ። የሌላዋ አሠሪ ሦስት ሚስት ያለው ሆኖ ተገኘና ሦስት ቤት ስታጥብ ኖረች። ምርቃት ደግሞ በግድ አይሆንም፤ ከአንጀት ካልመጣ ምላስ ላይ ደርቆ ይቀራል።

ሼህ አሕመድኑር የመረቋት የዚያኑ ዕለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆች ቁርኣን ሲያስቀሩ፣ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ መዳፋቸው ተከፍቶ የሚውል ሰው ናቸው፤ ከከላላ ለሚመጣ የበግ ነጋዴም፣ ለቀበሌው ሊቀመንበርም፣ መንገድ ለጠየቃቸው ሾፌርም ይመርቃሉ። ሰብሪያ ግን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ «ከአንጀቴ አልመጣልኝም» አለች።

ነገሩ የተቋጨው በፈውዚያ ቤት ነው። ፈውዚያ የሰብሪያ የእህት ልጅ ናት። ኩዌት ስትሠራ ሁለት ወንድማማቾችን ታሳድግ ነበር። ልጆቹ ጌም ሲጫወቱ ሦስተኛ ሰው ሲጎድላቸው እሷን ያስቀምጧታል፤ የሚፈልጓት ቀድማ እንድትሞትላቸው ነበር። እያደር መሞት አቆመች። ወደ አገሯ ስትመለስ ሌሎች ወርቅና ምንጣፍ ይዘው ሲገቡ እሷ አንድ ፕሌስቴሽን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ገባች። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየችና ፕሌስቴሽን ቤት ከፈተች። አፍናን ቤቱን በመጥረግ ታግዛታለች፤ ለጌሙ የሚመጡት ወንዶች ትምህርት ቤት ሲሆኑ ደግሞ ትጫወታለች። ሰብሪያ ይህንን ስትሰማ የልጅቷ ዓይን እንደሚጠፋ፣ ጣቷ እንደሚጣመም፣ ባልም እንደማታገኝ አውቃ ልታወጣት ሄደች።

«ምን ችለሽ ነው ሰው አገር የምትሄጅው?» አለቻት በሩ ላይ ቆማ። «በማታውቂው ቋንቋ፣ ከየት እንደሚመጣ በማታውቂው ነገር መሀል፣ አንድ ቀን አታድሪም።»

«ምን ብችል ታምኛለሽ እማ?»

ፈውዚያ ሣቀች። «እቴቴ፣ ሲራጥን ያለፈች ልጅ ኩዌት አያቅታትም» አለች።

ሲራጥ ማለት ወንዶቹ ለአንድ ጌም የመጨረሻ ደረጃ ያወጡት ስም ነው። ጌሙ ላይ አንድ ወታደር ብቻውን፣ ፀሐይ ሁለት ሆና በምትወጣበት ኮከብ ላይ ይወድቃል፤ ጉልበታቸው እንደ አንበጣ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ብረት የለበሱ ፍጥረታት ሊገድሉት ያሳድዱታል። ጌሙ ሲጀመር ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ እያለ ያስመርጣል። ከሁሉም በታች በቀይ የተጻፈ፣ የራስ ቅል አጠገቡ ያለበት አንድ አለ። በዚያ ደረጃ ሁለት ጥይት ያገኘው ይሞታል። ጥይትህ ጥቂት ነው፤ የእነሱ አያልቅም። የሞተም ከምዕራፉ መጀመሪያ ይነሳል። በቂያማ፣ ሙታን በሚነሱበት ቀን፣ የሚሻገሩት ድልድይ ሲራጥ ከፀጉር የቀጠነ፣ ከሰይፍ የሰላ ነው ሲባል የሰሙት ልጆች ሌላ ስም አላስፈለጋቸውም። ከከተማው ያለፈው የለም። ፈውዚያ ራሷ የኩዌት ልጆች እንኳን አላለፉትም ትላለች። የባጃጅ ሾፌሩ ጠልሐ አንድ ረመዳን ሙሉ ታግሎ ታግሎ፣ ባጃጁን ሲነዳ ሳይቀር ከጥጉ አንበጣ እግር የሚወጣበት እየመሰለው ሲቸገር፣ ወደ እግር ኳስ ጌም ተመልሷል።

ሰብሪያ ይህንን ሁሉ ከጠልሐ ጠይቃ አረጋገጠች። ከዚያ በኋላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፉው ነገር ለእሷ ወግኖ አየችው።

«እንግዲያው እሱን እለፊ» አለች። «በአንድ ወር ካለፍሽ ከአንጀቴ እመርቅሻለሁ። ካላለፍሽ ፓስፖርቱን ሳጥኔ ውስጥ አስገቢ።»

ማታ ለሼህ አሕመድኑር ሲነገራቸው ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ውርርድ ሐራም ነው» አሉ። ሰብሪያ ልቧ ትንሽ ደነገጠ። «ቃል ግን ቃል ነው» ብለው ጨረሱ። «አንችም ቃል ገብተሻል። ብቻ ያንን ስም ለውጡት፤ ሲራጥ በጣት የሚታለፍ አይደለም።»

ስሙን የለወጠው የለም።

ሰብሪያ በማግስቱ ጀምራ ልጇ ስትወድቅ ለማየት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መሄድ ጀመረች። ፈውዚያ ወንበር ሰጠቻት። ወንዶቹ መጀመሪያ አፈሩ፤ የሼህ ሚስት ተቀምጣ መሳደብም መጮኽም አልተመቻቸውም። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ አፍናን ስትሞት «አልሐምዱሊላህ» ትላለች በልቧ። አፍናን በደንብ ትሞት ነበር። በር ከፍታ ትሞታለች፤ ሳጥን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ትሞታለች። አንድ ጊዜም ገና ከወደቀችበት የጠፈር መርከብ እግሯን ስታወጣ ሞተች። ሰብሪያ ወደ ቤት ስትመለስ ለሼሁ ታወራላቸዋለች፤ እሳቸውም «አብሽሪ፣ ትነሳለች» ይሏታል።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። አፍናን አንድ የፈራረሰ ሕንፃ ፊት ደረሰች። በሩ ክፍት ነው። ውስጥ ብርሃን አለ፤ የሚንቀሳቀስ የለም።

«እዚያ አትግቢ» አለች ሰብሪያ። ከአፏ አመለጣት።

አፍናን ገባች፤ ከጣሪያው ላይ ወርደው ጨረሷት።

ጠልሐ ዞሮ አያት። «እንዴት አወቁ እትዬ ሰብሪያ?»

«ምኑን ነው የማውቀው? በር ከፍቶ፣ መብራት አብርቶ የሚጠፋ ደግ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

በማግስቱ መንገዱ ዳር የቁስል መድኃኒት በሁለት ካርቶን ተቀምጦ ተገኘ። ወንዶቹ ደስ አላቸው። ሰብሪያ አንገቷን ነቀነቀች። ዝም ልትል አስባ ነበር፤ ግን ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ሴት ልማዷን በአንድ ሳምንት አትተውም።

«ይህንን ያህል መድኃኒት በነጻ?» አለች። «ስብሰባ ላይ ለስላሳና ብስኩት የታደለ ቀን መዋጮ መምጣቱ መች ቀርቶ ያውቃል። ወደፊት የሚጠብቅሽ ትልቅ ነው።»

ወደፊት የጠበቀው በእርግጥ ትልቅ ነበር፤ ቁመቱ የመስጊዱን ሚናራ ያክላል። አፍናን ግን ካርቶኖቹን ካነሳች በኋላ ወደፊት መሮጧን ትታ ድንጋይ ሥር ተጋድማ ስለነበር ሳያያት አለፈ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሰብሪያ ያኔ ምን እንዳደረገች ገባትና ከንፈሯን ነከሰች።

ከዚያ በኋላ ወንዶቹ እየጠየቁ አላስቀመጧትም። ራዲዮ የያዘ አንድ ወዳጅ ወታደር ጌሙ ላይ አለ፤ እየደወለ በእንግሊዝኛ ያወራል፤ ፈውዚያ ትተረጉማለች።

«‹አካባቢው ሙሉ በሙሉ ተረጋግቷል፣ ያለ ሥጋት ቀጥሉ› ይላል» አለች ፈውዚያ።

«ተረጋግቷል አለ?» አለች ሰብሪያ።

«አዎ እቴቴ።»

«ሽሺ ልጄ» አለች ሰብሪያ። «ተረጋግቷል ከተባለማ አልቆልናል። በደርግም ይህንኑ ነበር የሚሉን፤ የዛሬዎቹም ቃሉን አልለወጡትም።»

አፍናን ሸሸች። የቆመችበት ቦታ በእሳት ጋየ። ወንዶቹ ሰብሪያን እንደ አዋቂ ያይዋት ጀመር፤ ጠልሐ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤቷ በባጃጁ ያመጣታል። እሷም ልጇን ለማስቀረት ወደምትሄድበት ቦታ፣ ልጇን እያሻገረች፣ በነጻ ትጓዛለች።

ወደ ቤት ስትመለስ ትቆጫለች። «ነገ አፌን አልከፍትም» ትላለች ለሼሁ።

«ጥሩ» ይሏታል።

«እውነቴን ነው።»

«እኔ ምን አልኩ?»

በማግስቱ አንበጣ እግሩ ከጥግ ብቅ ይልና «በግራሽ» ትላለች። ልጅ ሲሞት ማየት፣ ተመልሶ የሚነሳ ቢሆንም፣ እናት እንድትለምደው የተፈጠረ ነገር አይደለም።

እንዲህ እያለ ሲሄድ የወጣቶች ጉዳይ ሠራተኛው አለምነው ቤቱን ሊገመግም መጣ። አለምነው ክፉ ልጅ አይደለም፤ ከላይ የሚባለውን ሁሉ ከልቡ የሚያምን ልጅ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ጌሙን አስቁሞ፣ ወንዶቹን አስቀምጦ፣ የኢንተርፕራይዙን አፈጻጸም ጠየቀ።

«በቀላሉ ደረጃ?»

«ሁሉም ጨርሷል» አለች ፈውዚያ።

«በከባዱ?»

«ግማሹ።»

«በመጨረሻው?»

«ማንም።»

አለምነው ፊቱ ተቀየረ። «ዜሮ በመቶ ማለት ነው» አለ። «ይህንን ወደ ላይ ማቅረብ አልችልም። መንስኤው ምንድን ነው? የአመለካከት ነው፣ የክህሎት ነው ወይስ የግብዓት?»

«የጥይት ነው» አለ ጠልሐ።

«እሱ ግብዓት ነው።» አለምነው አፍናን እንድትጫወት አዘዘና ከኋላዋ ቆመ። ብዙ ሳይቆይ ነቃ። «ጥይት አለሽ እኮ። ለምን አትተኩሽም?»

«ለኋላ ነው።»

«ጓዲት፣ ሀብትን ሥራ ላይ ሳያውሉ ማከማቸት የኪራይ ሰብሳቢነት ምልክት ነው።»

ከዚያ ወንዶቹን አንድ ለአምስት አደራጃቸው። አንድ ጆይስቲክ ለአምስት ሰው ሆነ፤ አፍናን መሪ ተባለች። ከእያንዳንዱ ሞት በኋላ ጌሙ ከመጀመሩ በፊት አጭር ግምገማ እንዲደረግ፣ እያንዳንዱም ድክመቱን እንዲያወጣ ተወሰነ። የተያዘው ጥይት በሙሉ በዕቅዱ መሠረት በምዕራፉ የመጀመሪያ አጋማሽ ጥቅም ላይ እንዲውል ተባለ። አፍናን እንዳሏት አደረገች። ተኩሳ ጨረሰች። በሁለተኛው አጋማሽ በባዶ እጇ ቆማ ሞተች። ጠልሐ ግምገማው ላይ «መሪያችን ሰፊውን ሠራዊት አላንቀሳቀሰችም» ሲል ከወንበሩ ጀርባ ያሉት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አለምነው ግን አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠው።

ሰብሪያ ይህንን ስታይ ደስ ሊላት በተገባ። መንግሥት ራሱ በእሷ ወገን ገብቶ ልጇን እየገደለላት ነው። ትንሽ ቆይታ ግን ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«አለምነው» አለች።

«አቤት እትዬ ሰብሪያ።»

«ልጄ፣ እናትህ ጎተራዋን በጥር ትጨርሳለች?»

«አትጨርስም።»

«ለምን?»

አለምነው የኩታበር ገበሬ ልጅ ነው፤ ነሐሴን ያውቃታል።

«እንግዲያው እናትህም ኪራይ ሰብሳቢ ናት በልና ወደ ላይ አቅርብ» አለች። «ልጅቷን ተዋት።»

አለምነው ተዋት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መምጣቱን ግን አልተወም፤ ለክትትልና ድጋፍ ነው ይላል። ድጋፉም ሁልጊዜ ከፊተኛው ወንበር ነበር።

አፍናን እናቷን መምሰል ጀመረች። ባዶ ሜዳ ስታይ ትቆማለች፤ ጸጥታ ሲበዛ ወደ ኋላ ትላለች። ሰብሪያ ከመናገሯ በፊት ልጅቷ ዞራ የምትተኩስበት ጊዜ እየበዛ መጣ። ሰብሪያም ይህንን ስታይ አንድ ጊዜ ኩራት፣ አንድ ጊዜ ፍርሃት ይወርራታል። ምዕራፎቹ አለቁ። የመጨረሻው ብቻ ቀረ፤ እዚያ ላይ ወታደሩ ሊወስደው ወደ መጣው መርከብ ደርሶ ከኮከቡ ይወጣል፤ መሀል ላይ ከሞተም፣ መብራት ከጠፋም፣ ምዕራፉን ከሥሩ ይጀምራል።

መብራት መጥፋቱ የሰብሪያ የመጨረሻ ተስፋ ሆነ። በመካነ ሰላም መብራት ሳይጠፋ የዋለበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ደመና ከመጣ ይጠፋል፤ ንፋስ ከነፈሰ ይጠፋል፤ ሁለቱም በሌሉበት ደግሞ ልምዱ ስለሆነ ይጠፋል። ወሩ በሚያልቅበት ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሰብሪያ መስገጃዋ ላይ ቆይታ፣ ማንም ሰው ለምኖ የማያውቀውን ለመነች። «ያ ረቢ፣ ዛሬ መብራቱን ውሰድልን» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓድ ሰማች። እንዲህ ተስፋ አድርጋ አታውቅም። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ የመናኸሪያው ሰው ሮጦ ፕሌስቴሽን ቤቱን ሞላው። መብራቱ ግን ፍንክች አላለም። እንዲያውም ከወትሮው ደምቆ በራ።

አፍናን የመጨረሻውን ሜዳ በደረቷ እየተሳበች ተሻገረች። ከቀሯት ጥይቶች አንድ በአንድ እየቆጠበች ተኮሰች። ወደ መርከቡ የሚያስገባው ድልድይ ጫፍ ስትደርስ ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ከፊት ለፊቷ ሁለት አንበጣ እግሮች ነበሩ፤ አንዱን ጣለች። ሁለተኛው ሸሸ። ልጅቷ ዓይኗን እሱ ላይ ተከለች።

ሰብሪያ ያኔ አየችው። ከስክሪኑ ጥግ፣ ከተሰበረ ምሰሶ ጥላ ውስጥ፣ ሦስተኛው በቀስታ ይነሳ ነበር። ጠልሐ አላየውም፤ ፈውዚያም አላየችም። ሁሉም የሸሸውን ነው የሚያዩት። ሸሽቶ ዓይን የሚስብ ጠላት ከኋላው ሌላ እንዳለው የምታውቅ ሴት እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነበረች።

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚፈለግባት። አንድ ጊዜ ዝም ብትል፣ ምዕራፉን ደግማ የምትጀምርበት ቀን የለም፤ ፓስፖርቱ ሳጥን ይገባል፤ ልጅቷ ቤት ትቀራለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረችው። አንበጣ እግሩ መሣሪያውን አነሳ። ጀርባ ብቻ ነበር የሚታየው፤ የወታደሩ ይሁን የአፍናን መለየት አቃታት።

ነጠላውን ከአፏ አወጣች።

«ከኋላሽ ነው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ልጅቷ ግን ሰማች።

አፍናን ዞረች፤ በመጨረሻዋ ጥይት ጣለችው። ከዚያ ድልድዩን ሮጠች፤ መርከቡ ተዘጋ፤ ሁለቱ ፀሐዮች ከታች ቀሩ። በእንግሊዝኛ ብዙ ስም በስክሪኑ ላይ ይወጣ ጀመር። ወንዶቹ ጠልሐን ያለ ምክንያት ተሸከሙት። አለምነው «መቶ በመቶ» እያለ የማያውቀውን ሰው አቀፈ።

አፍናን አልጨፈረችም። ጆይስቲኩን አስቀምጣ መጥታ ከእናቷ እግር ሥር ተንበረከከችና መዳፎቿን ዘረጋች።

«ዛሬ አይሆንም» አለች ሰብሪያ። «ከአንጀቴ ይምጣልኝ። አዝመራው ይግባና።»

«እቴቴ» አለች ፈውዚያ በቀስታ፣ «አሁን ‹ከኋላሽ ነው› ያሉት ከየት መጥቶ ነው?»

ሰብሪያ ልጅቷን አየቻት። መዳፎቿ በላብ ረጥበዋል፤ አውራ ጣቷ በእርግጥም ትንሽ ተጣሟል። የራሷን እጆች ከነጠላው ውስጥ አወጣች።

«ሂጅ እንግዲህ» አለች። «አላህ ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል። ከምታይው ይጠብቅሽ፤ ከማታይውም ይጋርድሽ። የምትገቢበትን ቤት አላህ ሰው ያለበት ቤት ያድርግልሽ። ስትደክሚ የምትቀመጭበት፣ ስትታመሚ የሚጠይቅሽ ይስጥሽ። እኔን ሳልሞት መልሶ ያሳይሽ።»

«አሚን» አለ ቤቱ በሙሉ፤ ከዝናብ የተጠለሉትም፣ ጠልሐም። አለምነውም መስቀሉን በአንገቱ እንዳደረገ መዳፉን ከፍቶ «አሚን» አለ። ቆይቶም ፈውዚያን ወደ ጥግ ጠርቶ፣ ይህ በዚህ ሩብ ዓመት ሪፖርት ይያዝ ወይስ በሚመጣው ብሎ ጠየቃት።

ዝናቡ ሲያባራ እናትና ልጅ በጭቃው ጎን ለጎን ሄዱ።

«እማ» አለች አፍናን፣ «ዝም ብትይ እኮ እቀር ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ሲገድሉሽ ተቀምጬ ልይ?»

«ጌም እኮ ነው።»

«ለአንች ነው ጌም» አለች ሰብሪያ። ጥቂት እንደሄዱ የልጅቷን ክንድ ያዘች። «አውሮፕላኑ ላይ መስኮት አጠገብ እንዳትቀመጭ።»

«ለምን?»

«ነግሬሻለሁ፤ እንዳትቀመጭ።»